የሰኔ ተናጋሪ

ዛሬም ማክሰኞ ነው፤ ወንበር እደረድራለሁ፣
ስድሳ አለን በቆጠራ፣ ሃያ አወጣለሁ።
ሃያም ሲበዛ ነው፤ ዝናቡ ከባሰማ
ዐሥሩም ባዶ ሆኖ ያመሻል ጨለማ።

አዳራሹ የጥንት የጸሎት ቤት ነበር፣
በዌልስ ጠረፍ ላይ፣ ከዓሣ ገበያው በር።
ምእመኑ ተመናምኖ፣ ጣራው ማፍሰስ ሲጀምር
እኛ ተከራየነው፣ በሰዓት፣ በድርድር።

ሰብአውያን ነን እንላለን፤ ለአፌ ይከብዳል ቃሉ፣
«ምን ታመልካላችሁ?» ጎረቤቶች ሲሉ፣
አውቶቡስ ነጂ ነበርኩ፣ መልሴም እንደዚያው ነው፤
«ማንም ተሳፈረ፣ ወንበሩ የሰው ነው።»

የዓመቱ መርሐ ግብር፣ ሐምራዊ ወረቀት፣
በሩ ላይ ተለጥፎ፣ ዝናብ ዘንቦበት፤

ታኅሣሥ የጋራ ራት፣ «ሁሉም ያምጣ» ብለን፣
ዐሥራ አራት ሳህን ምስር በልተን ገባን።

ጥር ላይ ፓድማ መጣች ከዋክብት ልትነግረን፤
ሰማዩ ዳመነና ብርቱካን ላጠችልን፣
«ይኼ ጁፒተር ነው» ብላ አንዳንድ አጎረሰችን።

የካቲት ላይ ክርክር፤ «ነጻ ፈቃድ አለ?»
ጠረጴዛ ደልቆ፣ ኢድዋል «የለም» አለ።
«ታዲያ ማን አስደለቀህ?» ብትለው ሜረሪድ
ሳቁ በመስኮት ወጥቶ ደረሰ እስከ መንገድ።

መጋቢት የእንግዳ ነው። ፓስተር ታልቭሪን መጣ፣
ከማዶው ቤተ ክርስቲያን፣ ዝናብ እየጠጣ።
ስለ ፈጣሪ ልንሟገት ቀጠሮ ነበረን፣
የድሆች ምግብ መጋዘን ባዶ መሆኑን ነገረን።
ሙግቱ ለሌላ ቀን፤ ድንቹ ለኔ ደረሰኝ፣
ጆንያው ከዚያ ወዲህ ወገቤን አመመኝ።

ሚያዝያ ላይ ባሕር ዳር ወፍ ልንቆጥር ወጥተን፣
ነፋስ ወፉን ወስዶ፣ ኮፍያ ቆጠርን።

ሰኔ፦ «የመጀመሪያው ጩኸት»። ሜረሪድ፣ አዋላጅ፤
አርባ ዓመት ያደረች ከዚህ ከዚያኛው ደጅ።

ግንቦት ላይ ሞተች።

«ወረቀቱ ይቀየር» ያለ ሰው አልነበረም፤
ስሟን የሚሰርዝ እስክሪብቶ አልተገኘም።
ሃያ ወንበር አወጣሁ፣ አልበቃም፤ ጨመርኩኝ፤
ስድሳው ሞላና እኔ ከበሩ ጥግ ቆምኩኝ።

ልጇ ከቦርሳዋ አወጣች ወረቀት፣
የመብራት ሂሳብ ነው፤ እናቷ ከጀርባው የጻፈችበት።
ንግግሯ በሙሉ ሦስት መስመር ነበር፦
«አንድ፣ እጄን አሞቃለሁ፤ ብርድ ነው ይህ አገር።
ሁለት፣ ቢዘገይም፣ ጩኸቱን ጠብቁ።
ሦስት፣ በኔ እጅ የመጣችሁ፣ እጅ አውጡ፤ ተዋወቁ።»

ዝም አልን። ጣራው ላይ ዝናቡ ብቻ አወራ፤
ቀድማ የፓድማ ልጅ፣ ከዚያ ዓሣ ሻጩ፣ ከዚያ ኢድዋል በተራ፣
የደረቀ፣ የወዛ፣ ዘይት የነካው እጅ፣
ከባንኩ ሹም አጠገብ የባለዕዳው እጅ።
ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ሩቅ ነው ያሉበት፤
ስለነሱ ሦስቴ እጄን አነሣሁት።

ዞር ብል ከጎኔ ውሃ ያንጠባጥባል፣
ፓስተር ታልቭሪን ነው፤ በግራው ጃንጥላ ይዟል፣
ቀኙ ግን ተነሥቷል።

ምንም አልተባባልን፤ ሻይ ቀዳሁለት፣
ስኳር ረስቻለሁ፣ ቢሆንም ጠጣት።

ሁሉም ሲሄድ ስድሳውን አጣጥፌ ከመርኩ፣
ወረቀቱን ከበሩ ሳልነካ ተመለስኩ።

ዛሬ ሐምሌ ነው፤ ስለ ቧንቧ ኢድዋል ያወራል።
ሃያ ወንበር ይበቃል።