ስምንት ድረስ ቁጠር

«ቀስ በል፣ አትቸኩል፤ ኦርጋን እንደ መብራት በአንድ ጣት አይበራም፤
በደብረ ብርሃን ውርጭ፣ ደሙ ሳይሞቅለት፣ ቢጠሩት አይሰማም።
መጀመሪያ ይሄን፣ የግራውን ማብሪያ ወደ ላይ ያዝና
ስምንት ድረስ ቁጠር፤ ሆዱ ውስጥ የተኛው ዘንግ ይነቃና
ማጉረምረም ሲጀምር፣ ያኔ ነው የቀኙ የሚከተለው፤
ከቸኮልክበት ግን ያኮርፍብሃል፤ ማን ሊያባብለው?»

ብሎ ያስተማረኝ ጓንጉል ነው፣
የፋብሪካው መካኒክ፣ የፊት ጥርሱ ጎደሎ፣
ብርድ ልብስ የሚሸምን ብረት ሲያክም ውሎ
ማታ ክበብ መጥቶ ለዚያ የእንጨት ሣጥን
ዘብ የሚቆምለት፣
ለሥራ አስኪያጁም የማይሰጥ ሥልጣን።

እኛ ከማበጠሪያ፣ ከመፍተያ፣ ከቀለም ቤት ወጥተን፣
የበጉን ጠጉር ከቅንድባችን ላይ ሳናራግፍ መጥተን፣
ለጭፈራ መስሏችሁ?
ከመድረኩ ኋላ፣ ድምፅ ማጉያው ጀርባ እንኮለኮላለን፤
በርብራቡ መሃል፣ አንገት ጠምዘዝ አርገን፣ ውስጡን እናያለን።
ባለ ሁለት አፉ ጡሩምባ ይዞራል፤
ዝግ ሲል እንደ ወፍጮ፣
ሲፈጥን እንደ እንዝርት፤ ነፋሱ ፊት ይነካል።
ቀበቶው የእኛ ነው፤ የተበጠሰ ዕለት
ጓንጉል ከሽመና ክር አሥር እጥፍ ገምዶ ቀጠለለት።
ዘይቱም የሰፈር ነው፤ ከልብስ ሰፊዋ ከሽብሬ መኪና
«ለጀርባ ሕመሜ» እየተባለ፣
በመድኃኒት ብልቃጥ፣ በጠብታ ተለምኖ የመጣ ነውና
አንዳንዴ ዜማው የቀሚስ ጠርዝ የሚቀመቅም ይመስላል።

ልሳነወርቅ ገባ።
ጫማውን አወለቀ፣
እስከ ጉልበት ድረስ የመንዝ በግ ካልሲ አጠለቀ፤
ሰላምታው በእግሩ ነው፤ ባሱን ዳበሰ፣
ጨለማ ቤት ገብቶ ደረጃ እንደሚፈልግ፣ አንድ፣ ሁለት ረግጦ፣ ደረሰ።
ከዚያ ዘጠኙን መጎተቻ ሳብ፣ ሳብ፣ ግማሽ መለስ።
ግራ እጁ ያሽሟጥጣል፤
ቀኝ እጁ አልሰማሁም ይላል፣ ቆይቶ ይመልስለታል፤
ምቱ ሆን ብሎ ይዘላል፤
ልንወድቅ ስንል ነው
ያቺ ካልሲ ከታች፣ ከወገባችን፣ የምትይዘን።
ፈንክ ይሉታል። እኛ «ሽሙጥ» እንለዋለን።

ማንያህልሻል ከቀለም ቤት፣ «ዝግ ሲል ነው ደጉ፤
ሲፈጥንማ ለፍላፊ» ትላለች። አቻምየለህ ይቆጣል፤ «ሳይፈጥን ምን ወጉ!»
ጓንጉል ዝም ይልና፦
«መሃሉ ነው» ይላል፤ «ዝግታው ሊሮጥ ሲል፣ ገና ሳይነሣ፤
ሰው ሊስቅ ሲል ፊቱ የሚሆነውን አይተህ እንዳትረሳ።»

አንድ ጊዜ ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣ፣ ሻንጣ ሙሉ ብሎን፤
ቁልፉን ተጭኖ ሰማ። ጠቅ!
«ይህ ጉድለት ነው» አለን፤
«ድምፅ ሲጀምር ጠቅ ማለት የለበትም፤ አወጣዋለሁ።»
ጠቅታዋን! ቆርቆሮ ላይ
የዝናብ የመጀመሪያ ፍሬ የምትመስለውን!
ጓንጉል ሣጥኑ ፊት ቆመና አፉን ከፈተ፦
«ጉድለት መሙላት ካማረህ፣ ይኸው ጥርሴ አለልህ።
ይቺን ግን አትንካት።»
ሰውየው ሳቀ፣ ሻይ ጠጣ፣ ሻንጣውን ዘግቶ ሄደ።

ብርሃንን በስሟ ተሸክማ መብራት የሚነሣት ከተማ፣
አንድ ሌሊት፣ በዜማው ወገብ ላይ፣ ዋጣት ጨለማ።
ድምፁ ግን ቶሎ አልሞተም፤
በጣርማ በር ቁልቁል ፍሬን እንደያዘ ባለ ተሳቢ መኪና
እያቃሰተ ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደና
ቆመ።

ማንም አልወጣም።
አምፖሎቹ እንዳይበርዳቸው ሣጥኑ ላይ ደራረብን
ጠርዙ የተንሻፈፈ፣ ገበያ ያልወጣ ብርድ ልብስ፤
እግራችን ግን ምቱን አልለቀቀም፤ ጣውላው ላይ፣ ቀስ፣ ቀስ።

መብራቱ ሲመጣ አልጮህንም።
የጓንጉል እጅ ግራው ማብሪያ ላይ ነበር፤
መቶ ሰው በአንድ አፍ መቁጠር ጀመረ።
ሰባት ላይ ከኋላ አንዱ አስነጠሰ።
ጓንጉል እጁን አነሣ፤
ከአንድ ጀመርን።