የተከሳሽ አድራሻ

መሐል ሜዳ፣ ፍርድ ቤት አጥር ሥር፣ ውርጩ ሳይነሣ ገና፣
ጋሽ ጎርፉ መጣ፣ ትከሻው ላይ ባና።
«ማመልከቻ ጻፍልኝ፤ ከሳሽ ነኝ» አለና
ስልኩን አስቀመጠው ከወረቀቴ ጎን፤
«ዝተት የምሸጥበትን ገጼን
ዘጋብኝ በሌሊት፣ ሳይጠራኝ፣ ሳይሰማ ቃሌን።»

«የተከሳሽ ስም?» ነገረኝ።
«አድራሻ? ወረዳ?» ዝም አለ።
መጥሪያ ይዞ ባሕር የሚሻገር የፍርድ ቤት መልእክተኛ የት አለ?

«ውል አላችሁ?»
«‹እስማማለሁ› የምትል አንዲት ቃል ነበረች፤
ነካ ሳደርጋት ተከፈተች።»
ለአንድ ክንድ ድንበር ዐሥራ አንድ ዓመት የተሟገተ ሰው
ያለ ዋስ፣ ያለ እማኝ፣ ሳያስነብብ፣ በአውራ ጣቱ ፈጸመው!

«በሕግ አምላክ!» አለው ስልኩን፣ ጮክ ብሎ።
በዚህ ቃል ስንቱ ሯጭ ቆሟል፣ ስንቱ ዱላ ቀርቷል ተንጠልጥሎ።
ስልኩ ግን በራ፤ ማስታወቂያ አመጣ፦
የፋብሪካ ብርድ ልብስ፣ በግማሽ ዋጋ የወጣ።

የአድራሻውን ቦታ በነጥብ ትቼ ጻፍኩለት።
የመዝገብ ቤቷ ልጅ «አልተሟላም» ብላ መለሰችበት።
ነጥቦቹን በዚያው አውራ ጣት ዳሰሰ፤
«አዋጅ አውጪው ካልሞላው ማን ይሞላዋል?» አለኝና
ባናውን መልሶ ለበሰ።