ሃያ ሦስት ደረጃ

ሙዚቃ አልችልም፤ ከአሁኑ ልናገር።
ቡፋሎ ከተማ፣ ጀፈርሰን መንገድ ዳር፣
ዓርብ ዓርብ ማታ
ከፎቅ ላይ ሲፈስ ያ ሁሉ ሳቅ፣ ያ ሁሉ ጫጫታ፣
የኔ ድርሻ ሸክም ነበር።

ኦርጋን ታውቃላችሁ? የጸሎት ቤቱን ዓይነት፤
ሁለት መቶ ኪሎ፣ ላይዋ ለስላሳ እንጨት፣ አንጀቷ ብረት።
ሃያ ሦስት ደረጃ አለው የሚስ ቬርኔል ቤት፤
ጠባብ፣ ጠማማ፣ አምፖሉ ከሞተ የከረመበት፤
አስራ አራተኛው ይጮሃል
ጅራቱን እንደ ረገጡት ድመት።

ከላይ ዴዊትና ክሊዮተስ፣ ከታች እኔና ሌማን፤
ገና ከብረት ፋብሪካው መውጣታችን፣
ጥላሸቱ ከጆሯችን ሳይለቅ፣
“ቀና! ኧረ ዝቅ!
ቁም! ጣቴን! ጣቴን እኮ ነው!”
(ሃምሳ ሎሚ ለአንዱ ሸክሙ፣ ለሃምሳው ጌጡ ያለ ሰው
ሎሚ ነው የያዘው፤
ኦርጋን መች ነክቶ ያውቃል!)
ሚስ ቬርኔል ከላይ ቆማ
በሲጋራዋ ጫፍ ጥጉን ታሳየናለች፤
“ወደ ግራ። ትንሽ። በቃ” ትላለች፤
ደግሞ አትከፍልም ቶሎ።

ኤርማ ጂን መጨረሻ ላይ ነው የምትመጣው።
ቀን የጥርስ ሐኪም ቤት ስልክ ታነሣለች፤
አጭር፣ መነጽሯ ወፍራም፣ ቦርሳዋ ውስጥ የሱፍ ካልሲ።
“አልተጎዳችም?” ትላለች፤
ኦርጋኗን ነው፤ ጎኗን እየዳሰሰች።
ጫማዋን ታወልቃለች፤
በግራ እግሯ ቤዙን፣ በቀኙ የድምፁን ልጓም፤
ሁለቱ እጆቿ ደግሞ የሌላ ሰው ናቸው፣
ከእግሮቿ ጋር አይተዋወቁም።

እኩለ ሌሊት ሲሆን ሁለተኛው ፈረቃ ይጎርፋል
ከነምሳ ዕቃው፤
ሱሪው እንደ ደወል አፉን የከፈተ፣
ጎፈሬው በር የሚያጣብብ፤
የተጠበሰ ዓሣ በጋዜጣ፣ ቢራ በጆግ።
አንድ ፖሊስ ነበር፣ ሊዘጋን መጥቶ
ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ የሚያመሽ።
እኔ? ከጥግ፤ ጣቴን በረዶ ውስጥ ነክሬ።

ከዚያ ሰባ ሰባት፣ በጃንዋሪ ማለቂያ፣
ከኢሪ ሐይቅ ነፋሱ ነጭ ለብሶ ተነሣ፤
መኪናው ጠፋ፣ መንገዱ ጠፋ፣
የፊት ለፊቱ ቤት ጠፋ።
አርባ አንድ ሰው ተሰበሰብን ከደረጃው አናት፦
አውቶቡሱን መሐል መንገድ ትቶ የመጣ ሾፌር ከነተሳፋሪው፣
ዘመን ያለፈው ኩርፊያ ያላቸው ሁለት ወንድማማች፣
አንዲት ነፍሰ ጡር፣ ጫማዋ ቀይ።
ከበሮ መቺው አልደረሰም። ጊታሩም።
“ቁጭ ያለ ይበርደዋል” አለች ኤርማ ጂን፤
ጀመረች።
አንድ ሌሊት። ሁለት ሌሊት።
በሁለተኛው ግራ እግሯ ደነዘዘ፤
ዞረች፣ ጣቷን ወደኔ ቀሰረች፦
“አንተ ባለ ትከሻ! ና፣ ተንበርከክ።
ይቺን። አገጬን ሳነቃንቅ።
ሌላ እንዳትነካ።”

ተንበረከክሁ ከወንበሯ ሥር፤
በመዳፌ ተጫንኋት፤
ወለሉ ተነፈሰ፤
ባንኮኒው ላይ ብርጭቆው ተንቀጠቀጠ፤
ቀዩ ጫማ ከፊቴ ተነሥቶ ወረደ።
ሰባት ዓመት ያጎበጠኝ ክብደት
ለካ እዚህ ነበር የተኛው!
እስኪነጋ አንድ ድምፅ፣ አንዲቷን ብቻ።
ሁለት ጊዜ ተሳሳትሁ፤
አርባው ሰው ዞሮ አየኝ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጎረምሳ መጣ፤
በአንድ ብብቱ ሸክላ፣ በሌላው ማጫወቻ፣
እያፏጨ ብቻውን ወጣ፤
አስራ አራተኛውን ሳይረግጥ ዘለለው።
ዴዊት ሂዩስተን ገባ፤ የክሊዮተስ ወገብ አልታዘዝ አለ፤
በኋላ የፋብሪካው እሳት ጠፋ።
ኦርጋኗ? እላይ ቀረች፤
የሚያወርዳት አራት ሰው ጠፋ።

ዛሬ ልጄ ቤት አስራ ስድስት ደረጃ አለ፤
ምንጣፍ የለበሰ፣ ትንፍሽ አይልም።
ቢሆንም፣ አስራ አራተኛው ላይ ስደርስ
ግራ ትከሻዬ በራሱ ዝቅ ይላል፤
ከላይ ያለው ሰው “ቀና!” እስኪለኝ
እቆማለሁ።