በሁለት እጅ

ብርጭቆ በአንድ እጅ ነው።
ሌላው እጅ ይተርፋል፦
ወይ ጣት ይቀስራል፣ ወይ ጠረጴዛ ይደበድባል፣
ወይ ኪስ ገብቶ ቁልፍ ያቅጨለጭላል።
ይህን ያወቅሁት ካምቤልታውን ነው፣ ስኮትላንድ፣
ከወደቡ ጀርባ፣ ከኢሽበል ቤት፣
ፎቁን ተከራይቼ በኖርሁበት ክረምት።

ወንድሟ ሩዋሪ በርሜል ሠሪ ነበር፤ ጡረታ ወጥቶም
ክንዱ ዛሬም በበርሜል ልክ ይታጠፋል።
ታናሹ ኒኒያን ጀልባ ይቀባል።
የሚለያቸው አንድ መንገድ፣
አንዲት የተሸጠች ጀልባ፣
ዘጠኝ ዓመት ያልተባለ «እንደምን አደርህ»።

ኢሽበል ስትሞት ኑዛዜዋ አጭር ነበር፦
«ጣባዬን ለሩዋሪና ለኒኒያን።»
አንድ ጣባ። ለሁለት ሰው።

የገዛችው ኦንታ ነው፣ ጃፓን፣ ተራራ ሥር፣
በወጣትነቷ እንግሊዝኛ ስታስተምር።
እዚያ፣ ትለኝ ነበር፣ አፈሩን የሚወቅጠው ወንዙ ነው፤
የግንዱ ጅራት ውሃ ሲሞላ ራሱ ይነሣል፣
ውሃው ሲደፋ ይወድቃል፤
ሌሊቱን ሙሉ
ዱም ብሎ ዝም፣ ዱም ብሎ ዝም።
ሠሪው ስሙን አልጻፈበትም።
ከከንፈሩ ሥር ብቻ፣ ቅቡ ሲፈስ የሳተው ስፍራ፣
የአውራ ጣት ማረፊያ አለ፣
እርጥብ ሳለ ያነሣበት።

መልኩን ብትጠይቁኝ፣ ዝናብ ያደረበት ድንጋይ ነው፤
ወደ ግራ ዘመም ይላል፣ እንደሚሰማ ሰው።
አንዴ ወድቆ ተሰንጥቋል።
እዚያ አገር ስንጥቁን በወርቅ ይደፍኑታል ይባላል፤
ኢሽበል የደፈነችው በጀልባ ሙጫ ነው፦
ወርቁ የለም፣ ሰሙ ብቻ።

ከቀብር ስንመለስ ብርጭቆው ሁሉ በካርቶን ታሽጓል፤
ውስኪውን ግን ማንም አላሸገውም።
ሩዋሪ ጣባውን አየ፣
ኒኒያን ጣራውን አየ፣
እኔ ሁለቱን አየሁ።
«ይህ እኮ ለሻይ ነው» ያለ የለም።

ቀዳ።
በብርጭቆ ቢሆን ይስቃል፤ በጣባ ግን ጠቆረ፣
ኩሬ ሆነ፣ ከመስኮቱ አንዲት ፍሬ ብርሃን ይዞ።
ሽታው ሰፊ አፍ አገኘና ወጣ፦
ያረረ ሣር፣ ጨው የጠጣ ገመድ፣ የገብስ ቆሎ።

ሩዋሪ በአንድ እጁ ሊያነሣው ሞከረ፤
እጀታ የለው፣ ያዳልጣል።
ሁለተኛውን እጁን ከኪሱ አወጣ።
ጠጣና ሰጠ፤ ለወንድሙ አይደለም፣ ለእኔ።
ተቀብዬ ለኒኒያን አሳለፍሁ።
እሱም ጠጥቶ፣ ለእኔ።
እንዲህ ድልድይ ሆኜ ሦስት ዙር።
ድልድይም ይሰክራል፤ ይህን የሚነግርህ የለም።

ከሰል ላመጣ ምድር ቤት ወረድሁ።
አውቄ አልዘገየሁም፤
ባልዲው ቀዳዳ ነበር፣ ደረጃው ረጅም።
ስመለስ ጣባው ከኒኒያን እጅ ነው፣
በመካከላቸው ወንበሬ ባዶ።
እንዴት እንዳለፈ አልጠየቅሁም።
በሁለት እጁ የሚሰጥ ሰው
የሚቀስረው ጣት አይተርፈውም፤
በሁለት እጁ የሚቀበልም
በር የሚዘጋበት።

«ሞተሩ ድሮም ያስለው ነበር» አለ ኒኒያን፣
ስለዚያች ጀልባ።
«ያስለው ነበር» አለ ሩዋሪ።
ሌላ አልተባለም። ውጭ አሸንዳው
ይሞላል፣ ይደፋል፤
ይሞላል፣ ይደፋል።

ጠዋት ጣባውን አጠብሁ፣ በሙቅ ውሃ ብቻ፤
ኢሽበል ሳሙና አትወድለትም ነበር።
አውራ ጣቴ ሠሪው ከተወው ስፍራ ገባ፣
ጥቂት ሰፋኝ።
ኑዛዜው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ አድሯል።
ቅብ ያልነካው ሻካራ እግሩ
ወረቀቱ ላይ ክብ ትቷል፣
በሁለቱ ስም ዙሪያ፤
ሙሉ አይደለም፣
አንድ ጎኑ ክፍት ነው።