የመሪው ስም

ሳልሚያ ምድር ቤት፣ ዓርብ ከቀትር በኋላ፣
ደጃፉ በሸበጥ ጥንድ በጥንድ ሞላ።
ኤሲው ያንጠባጥባል፣ ባልዲ ሥሩ አለ፤
የአየለች ድምፅ ከሞተሩ አየለ።
ስድስት ቀን የሰው ልጅ ስታጥብ ከርማ፣
በዕረፍቷ ቃሉን ታካፍላለች ቆማ።

የብርነሽ ሬሳ አሥራ ሰባት ቀን በረዶ ቤት ሲቆይ፣
ኤምባሲ ደጅ የጠናች እሷ አይደለችም ወይ?
ወንዶቹ «ፈረቃ ላይ ነን» ሲሉ፣
ሣጥኑን የሸኘነው ሴቶች ነን በሙሉ።

ትናንት ከሀገር ቤት፣ ከዋናው ቢሮ ቅጽ መጣ፤
«የመሪው ስም» ይላል። ዓይናችን ወንድ ፍለጋ ወጣ።
ወንድም ናሆም አለ፣ ከመጣ ሁለት ወሩ ነው፤
ጥሩ ልጅ። ስሙን ስንጠራው የደነገጠው እሱ ነው።
እሷ «ጻፉት፣ ምን አለበት» አለች፣
የሞላውን ባልዲ ልትደፋ ይዛ ሄደች።

ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ እስክሪብቶ ይዣለሁ።
ለ«ው» ከሥሯ አንዲት እግር ቀጠልኩላት፤
«የመሪዋ ስም» ሆነ።
የድሮዋ ጭረት በጎኗ ቀርታለች፣
«ዋ» ግን በእግሯ ቆማለች።
ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ጻፍኩት።

ቢሮው ይቀበለው እንደሆነ አላውቅም።
ባዶ ባልዲዋን ይዛ ስትመለስ፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም።