ቀጣዩ ፌርማታ

በጎተንበርግ ከተማ ትራም እነዳለሁ፣
ቀኑን ሙሉ ፊት የሌላት ሴት ስትናገር እሰማለሁ።
«ቀጣዩ ፌርማታ…» ትላለች ከጣሪያው ሥር፣
አሥራ ስምንት ዓመት ኖርኩ ከድምፅዋ ጋር።
ስለ እሷ አንድ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም፤
ሰምቼ በመታዘዜ ደመወዝ ይከፈለኛል፣ በሽተኛም አልባልም።

ልጄ ኢዮስያስ ግን፣ መጋቢት ላይ፣ በዝናብ፣
ከኋላዬ መጥቶ ቆመ፣ ግንባሩን አጥምቆት ላብ።
«ስሜን ጠራችኝ» አለኝ፣
«በፌርማታው ስም መሐል ቆራርጣ ደበቀችኝ።»
«ምንም የለም!» ብዬ ጮኽኩ፣
በተሳፋሪ ፊት፣ በአማርኛ፣ መሪዬን እንደጨበጥኩ።
«ምንም የለም! አትስማቸው!»
በሩን ስከፍት ወረደ። ዣንጥላው ወንበር ላይ ቀረ።

ሐኪሟ ስሙን ነገረችን፦ ስኪዞፍሬንያ።
አስካለ «ጻፉልኝ» ብላ ወረቀቱን አጠፈችው፣
እንደ ሱቅ ደረሰኝ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።
ከዚያ ወዲህ ጠያቂ እንዳይመጣ በር ዘጋን፤
ማኅበሩን ተውን፣ ስልኩን አጠፋን።
«ልጁስ?» ላለን ሁሉ «ፈተና ላይ ነው» አልን።
የአምስት ወር ፈተና!
ጠበሉም በጄሪካን ባሕር ተሻግሮ መጣ፣
ኪኒኑም ከጎኑ ተቀመጠ፤ እኛ ግን ከሁለቱም መሐል
እርስ በርስ መነጋገር አቃተን።

ሐሙስ ማታ፣ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት፣
ስምንት ወንበር፣ ማንም ያልነካው የቀረፋ ዳቦ።
አስካለ አልመጣችም።
«ገመናዬን በስዊድንኛ አላወራም» አለችኝ።
ነርሷ ኢንጌላ በነጩ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች፦
እንቅልፍ ሲሸሸው፣ መጋረጃውን ሲዘጋ፣
የሬዲዮውን ገመድ ሲነቅል፣
ገላውን መታጠብ ሲፈራ…
እኔ ይህን ሁሉ ስንፍና ብዬው ነበር፣
አንዳንዴም ንቀት።
«ወላጅ አይደለም ያመጣበት» አለች።
ጻፍኩት። አላመንኩትም።

ቀጥሎ አንድ ቅጽ ሰጠችኝ፦ ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ አድራሻ።
«የልጅህን ሙላ። እነሱ በጆሮህ ያንሾካሹካሉ።»
በግራዬ ሴናዳ፣ ከቦስንያ የመጣች፣ የወንድሟ አስታማሚ፤
በቀኜ ቶርስተን፣ ጡረታ የወጣ ዓሣ አጥማጅ።
ጀመሩ።
«ያዩሃል» ትላለች እሷ፣ «ሁሉም ያውቃሉ»፤
እሱ ደግሞ በዝግታ፣ መረብ እንደሚጎትት ሰው፣
«ጥፋቱ ያንተ ነው። ጥፋቱ ያንተ ነው። ብዕሩን ጣል።»
ሁለት ደቂቃ አልሞላም፤
እስክሪብቶዬ ሁለተኛው ፊደል ላይ ቆመ፣
እኔ ያወጣሁለትን ስም
መጻፍ አቃተኝ።

ሲያበቃ ቶርስተን እጄን ያዘ፤ እጁ ሻካራ ነው፣ ይንቀጠቀጣል።
«ይቅርታ» አለኝ፣
«ከራሴ አይደለም፤ ልጄ የምትሰማው እንዲህ ነው፣
ለሃያ ዓመት ነግራኛለች፣ ዛሬ ገና አፌ ላይ አኖርኩት።»

ወደ ቤት ስመለስ ሌላ ሰው ነበር የሚነዳው።
ተሳፋሪ ሆኜ፣ መስኮቱ ላይ ተደግፌ፣
ያችን ሴት ሰማኋት፤ እያንዳንዱን ፌርማታ
እስከ መጨረሻው።

ኢዮስያስ ኩሽና ውስጥ ነው፣ መብራት ሳያበራ።
አጠር አድርገህ ተናገር፣ ተብያለሁ፤
አትከራከር፣ አለሁም አትበል ያልሰማኸውን፣ ፍርሃቱን ጠይቅ።
ወንበር ሳብኩ።
«እኔ አልሰማቸውም። አንተ ትሰማቸዋለህ። ያስፈራል?»
ዝም አለ። ፍሪጁ ብቻ አጉረመረመ።
ራሱን ነቀነቀ።
«ዛሬ እኔም ሰማሁ» አልኩት፣ «ሰዎች ናቸው፣ ለትምህርት ነው፣
በሁለት ጆሮዬ አንሾካሾኩብኝ።»
ከወራት በኋላ ቀና ብሎ አየኝ።
«ምን አሉህ?»
«ጥፋቱ ያንተ ነው አሉኝ።»
ልጄ ረጅም ጊዜ አሰበ፣
በጥፍሩ የጠረጴዛውን ጠርዝ እየፋቀ።
«ውሸታቸውን ነው አባዬ» አለኝ።
«አትስማቸው።»

አስካለ በሩ ላይ ቆማለች፣ ነጠላዋን እንደያዘች፤
አልገባችም፣
አልሄደችምም።