ዕልባት

የመመለሻው ቀን ማኅተም ደብዝዟል፣
መደርደሪያው ባንድ እግሩ ወደ ሐይቁ አዘንብሏል፤
ከአሞራ ገደል የሚነሳው ነፋስ
በተሰበረው መስኮት ገብቶ ገጽ ሲያምስ፣
እኔ ነኝ የምሰማው፤ ሌላማ ማን አለ?
ደወሉ ሲጮህ ሜዳው ልጁን ሁሉ ጠቀለለ።

አንድ ማክሰኞ፣ በሳይንሱ መጽሐፍ፣
ገጽ አርባ ሦስት፣ የልብ ሥዕሉ ጫፍ፣
የቆሮሶ ቅርፊት አገኘሁ፣ ደርቆ፣
እንደ ጥፍር ስስ፣ ብርሃን ሰርቆ።
ልጥለው ነበር። ምን እንደያዘኝ እንጃ፣
ገጹን ዘጋሁበት እንደ መጋረጃ።

ሐሙስ ሃምሳ አንድ ደርሷል፤ ሰኞ ስልሳ ላይ፤
ቅርፊቱ ይዋኛል፣ ዋናተኛው አይታይ።

ለካስ ዱካሞ ነው፤ ሌሊት መረብ ስቦ፣
ጎህ ሲቀድ ዓሣውን ለሻጭ አስረክቦ፣
ጣቱን ገመድ የላጠው፣ ዓይኑ የደፈረሰ፣
ከአትላሶቹ ጀርባ በቀን ሁለት ገጽ የቆረሰ።
«ይህን ቀይ ማበጠሪያ ሺህ ጊዜ በቢላ ከፍቻለሁ» አለኝ፣
«ስንጥብ መባሉን ግን ማንም አልነገረኝ።»

ከዚያ ቅርፊቱ ቆመ። ገጽ መቶ አሥራ ሁለት።
ሚያዝያ አለፈ፣ ግንቦት፤ አልተነሳም ካለበት።
አቧራውን ጠረግሁ፣ እሱን ግን አልነካሁ፤
ቆጠራ ሲመጣ «ሰው ይዞታል» አልኩ፣ ዋሸሁ።

ዛሬ፣ በጥቅምት፣ ስከፍተው ያንን መጽሐፍ፣
ሌላ ቅርፊት አለ፣ ገጽ አምስት፣ ከግርጌው ጫፍ፤
አነስ ያለ፣ ገና ያልደረቀ።
ከአትላሶቹ ጀርባ አንዲት ትንሽ ነጠላ ጫማ ተነቃነቀች።

ቀና ብዬ አላየሁም።
መስኮቱን በካርቶን ደፈንኩት፣
ነፋሱ ገጿን እንዳያጠፋባት።